ከአውታር ፍተሻ እስከ ቶካታ፦ የአንድ የሙዚቃ ቅርጽ አነሣሥ በሉት ድርሰቶች ውስጥ

ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ ከጨዋታ በፊት ይቃኛል። ተጫዋቹ ጆሮውን ወደ መሣሪያው አዘንብሎ አውታሮቹን አንድ በአንድ ይነካል፤ የላላውን ያከርራል፤ የከረረውን ያላላል፤ ሁለቱን በአንድነት መትቶ መስማማታቸውን ያረጋግጣል። አድማጩም ዋናው ጨዋታ ገና እንዳልተጀመረ ስለሚያውቅ ወሬውን አያቋርጥም። ይህ ተግባር የሥራ ዝግጅት እንጂ እንደ ኪነት ተቆጥሮ ስም የሚሰጠው ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ በሰሜን ኢጣልያ ከተሞች ግን ይኸው ተራ ዝግጅት ቀስ በቀስ ራሱን የቻለ ድርሰት ለመሆን በቃ። ስም ወጣለት፤ በመጽሐፍ ታተመ፤ ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው ተሸጋገረ፤ በመጨረሻም «ቶካታ» በሚል ስያሜ ከአውሮፓ የመሣሪያ ሙዚቃ ዐበይት ቅርጾች አንዱ ሆነ።

ቶካታ ሲባል ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ኦርጋን ነው፤ በተለይም ከዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ስም ጋር ተያይዘው የሚታወቁት ድርሰቶች ናቸው። የቅርጹ የመጀመሪያ እርምጃዎች የሚገኙት ግን ከባኽ ልደት 150 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ሉት በተባለው ባለ አውታር መሣሪያ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስለዚህ የቀደምት የሉት ቶካታዎችን ታሪክ መመርመር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ከሥራ የተወለደ ልማድ እንዴት ወደ ኪነ ጥበብ ቅርጽ እንደሚያድግ ያሳያል። ሁለተኛ፣ በእጅ ተፈጥሮ በአየር ላይ የሚበተን ጥበብ በምን ምክንያት ለትውልድ እንደሚተላለፍ፣ በምንስ ምክንያት እንደሚጠፋ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያውና ጠባዩ

የሉት የዘር ሐረግ ከዐረቦች ኡድ ይመዘዛል። ስሙም ቢሆን «እንጨት» የሚል ትርጉም ካለው «አል ዑድ» ከተባለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። መሣሪያው በመካከለኛው ዘመን በሙስሊሞች ትገዛ በነበረችው የእስፓንያ ክፍልና በሲሲሊ ደሴት በኩል ወደ አውሮፓ ገባ። ሆዱ ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮች ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚሠራ ሲሆን ቅርጹ ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል ይመስላል። ፊቱ ስስ ጣውላ ነው፤ በመካከሉ እንደ ጽጌረዳ አበባ የተፈለፈለ የድምፅ ቀዳዳ አለው፤ መቃኛዎቹ የሚሰኩበት ጫፉም ወደ ኋላ የተቀለበሰ ነው።

ሉት ከክራርና ከበገና የሚለይበት ዐቢይ ነጥብ አንገቱ ነው። በክራርና በበገና በመሠረቱ እያንዳንዱ አውታር የሚሰጠው የተቃኘለትን ድምፅ ነው። በሉት ግን የግራ እጅ ጣቶች አውታሩን በልዩ ልዩ ቦታ ላይ ስለሚጫኑት ከአንዱ አውታር ብዙ ድምፅ ይወጣል። በ1500 ገደማ የተለመደው ሉት ስድስት የአውታር ረድፎች ነበሩት። ቀጭኑ አውታር ነጠላ ሲሆን የቀሩት አምስቱ ረድፎች ጥንድ ጥንድ ስለነበሩ በጠቅላላው 11 አውታሮች ይቆጠሩ ነበር። አውታሮቹ የሚፈተሉት ከበግ አንጀት ነው። በአንገቱ ላይ የድምፁን ደረጃ የሚለዩት ፍሬቶችም እንደዚሁ ከአንጀት የተሠሩ ቋጠሮዎች ስለነበሩ በእንጨቱ ላይ የተተከሉ አልነበሩም፤ በጣት ሲገፉ ይንሸራተታሉ።

አንጀት ደግሞ ባሕርዩ ተለዋዋጭ ነው። እርጥበት ሲነካው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ይዛባል። ይህ ችግር ለዘመናት መቀለጃ ሆኖ ቆይቷል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ጸሐፊ ዮሐን ማቴዞን በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ 80 ዓመት የኖረ የሉት ተጫዋች 60ውን ዓመት ያሳለፈው ሲቃኝ ነው በማለት ተሳልቋል። ቀልዱ ቀልድ ቢሆንም የሚጠቁመው እውነት አለ። የሉት ተጫዋች እያንዳንዱን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹን መፈተሽ፣ ፍሬቶቹን ማስተካከል፣ ጣቶቹንም ማፍታታት ግዴታው ነበር። ቶካታ የተወለደው ከዚህ ግዴታ ነው።

ከላባ ወደ ጣት

እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ድረስ ሉት በአብዛኛው የሚመታው በላባ ነበር። ላባ አውታሮቹን በፍጥነት ለመግረፍ ይመቻል፤ አንድን ዜማ አስጊጦና አፍጥኖ ለማሰማትም ተወዳዳሪ የለውም። ይሁን እንጂ የተራራቁ አውታሮችን በአንድ ጊዜ ለይቶ ለመንካት አያስችልም። በመሆኑም የላባው ሉት ተጫዋች ዘወትር ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዝለት ጓደኛ ያስፈልገው ነበር።

የዚህ ስልት ታላቁ ሊቅ በፌራራ መሳፍንት በኤስቴዎች ቤተ መንግሥት ያገለገለው ፒየትሮቦኖ ነበር። በ1497 የሞተው ይህ ሙዚቀኛ በዘመኑ ገጣሚዎችና ሊቃውንት እጅግ ተወድሷል፤ በ1457 ጆቫኒ ቦልዱ የተባለው የቬኒስ ሠዓሊና ቀራጺ ምስሉን በነሐስ ሜዳይ ላይ ቀርጾለታል። ለአንድ መሣሪያ ተጫዋች እንዲህ ያለ ክብር መሰጠቱ በጊዜው ብርቅ ነበር። ነገር ግን ከፒየትሮቦኖ ጣቶች ከወጣው ሙዚቃ አንድም ድምፅ በጽሑፍ አልቀረም። ሜዳዩ አለ፤ ውዳሴው አለ፤ ሙዚቃው የለም። ድርሰቱን በእጁና በኅሊናው ይዞ የኖረ ከያኒ ሲሞት ድርሰቱም አብሮት ተቀበረ።

በዚሁ ዘመን ማብቂያ ላይ ተጫዋቾች ላባውን እየተዉ በቀኝ እጅ ጣቶቻቸው መጫወት ጀመሩ። በ1480ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው የሙዚቃ ሊቅ ዮሐንስ ቲንክቶሪስ አንዳንድ ሊቃውንት በሉት ሁለት፣ ሦስት፣ አልፎም አራት የዜማ መስመሮችን ብቻቸውን በአንድነት እንደሚያሰሙ መስክሯል። ይህ ለውጥ በመልኩ ትንሽ ቢመስልም ያስከተለው ውጤት ከፍተኛ ነው። አውራ ጣት ዝቅተኛውን ድምፅ ሲይዝ የቀሩት ጣቶች ከፍተኛውንና መካከለኛውን ያሰማሉ። ጓደኛ የሚፈልገው መሣሪያ ራሱን የቻለ ሆነ። ራሱን የቻለ መሣሪያ ደግሞ የራሱ ድርሰት፣ የራሱም ጽሕፈት ያስፈልገዋል።

የፔትሩቺ መጻሕፍት

የፎሶምብሮኔ ተወላጅ የሆነው ኦታቪያኖ ፔትሩቺ በ1498 ከቬኒስ መንግሥት ሙዚቃን በማተሚያ የማውጣት ልዩ ፈቃድ አገኘ፤ ፈቃዱም የኦርጋንና የሉት ጽሕፈትን የሚጨምር ነበር። በ1501 የመጀመሪያውን የኅብረ ድምፅ መዝሙሮች ስብስብ አወጣ። በ1507 ደግሞ የሀገሩ ልጅ የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖን ሁለት የሉት መጻሕፍት አሳተመ። እነዚህ በማተሚያ የወጡ የመጀመሪያዎቹ የሉት መጻሕፍት ናቸው። ዘመኑ ማተሚያ አዳዲስ ፊደሎችንና ምልክቶችን የሚፈትንበት ነበር። ስፒናቺኖ ከታተመ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1513፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል ማሳተሙ የዚሁ መንፈስ ውጤት ነው።

የሉቱ ጽሕፈት ኢንታቮላቱራ ይባላል። በዚህ ጽሕፈት የሚሠመሩት ስድስት መስመሮች ስድስቱን የአውታር ረድፎች ይወክላሉ። በመስመሮቹ ላይ የሚጻፉት አኃዞች ጣት የሚያርፍበትን ፍሬት ያመለክታሉ፤ 0 ከሆነ አውታሩ ሳይነካ ይመታል፤ 1 ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ይጫናል። ከላይ የሚቀመጡት ምልክቶች ደግሞ ጊዜውን ይወስናሉ። በኢጣልያ ልማድ ቀጭኑ አውታር የሚወከለው በታችኛው መስመር ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ መሣሪያውን ታቅፎ ሲመለከት አውታሮቹ ከሚታዩት ቅደም ተከተል ጋር እንዲስማማ ነው። ጽሕፈቱ ድምፅን ሳይሆን የእጅን ሥራ ይመዘግባል። ፔትሩቺም በመጻሕፍቱ መግቢያ ያኖረውን መመሪያ ያዘጋጀው መዘመር ለማያውቁ ሰዎች መሆኑን በርእሱ ገልጿል። ይህም ማለት የዜማ ምልክት ማንበብ ያልተማረ ሰው እንኳ ሉት ካለውና ቁጥር ከለየ በቤቱ ተቀምጦ ሊማር ይችል ነበር። ቀድሞ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ ይተላለፍ የነበረው የቤተ መንግሥት ጥበብ በዚህ መንገድ ለነጋዴው፣ ለጸሐፊውና ለተማሪው መንገድ ከፈተ።

በስፒናቺኖ መጻሕፍት ውስጥ ከታዋቂ መዝሙሮች ቅንብር ሌላ «ሪቸርካር» የተባሉ ድርሰቶች ይገኛሉ። ቃሉ መፈለግን፣ መመርመርን ያመለክታል። አንዳንዶቹ ሪቸርካሮች የአንድን መዝሙር ስም ይዘው ስለተጻፉ የዚያ መዝሙር መንደርደሪያ ሆነው እንዲያገለግሉ ታስበው መዘጋጀታቸው ግልጽ ነው። በ1508 የወጣው አራተኛው መጽሐፍ፣ የሚላኖው ጆአን አምብሮዝዮ ዳልዛ ሥራ፣ ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወይም በሌላ አነጋገር ወደ ሥሩ ይወስዳል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ «ታስታር ደ ኮርዴ» የሚል ርእስ የተሰጣቸው አጫጭር ድርሰቶች ተካተዋል። ትርጉሙ በቀጥታ «አውታርን መፈተሽ» ማለት ነው።

የዳልዛ ፍተሻዎች አሠራራቸው ቀላል ነው። ጥቂት ሰፋ ያሉ ኮርዶች ይመታሉ፤ ከዚያ አንድ ነጠላ የዜማ መስመር ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ ይሮጣል፤ እንደገና ኮርድ ይመጣል፤ እንደገና ሩጫ ይከተላል። የሚደጋገም የዜማ ሐሳብ የለም፤ ለጭፈራ የሚሆን ምትም የለም። ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል ግልጽ ጥቅም አለው። ኮርዱ ሲመታ በአንድነት የተመቱት አውታሮች ይስማሙ ወይም አይስማሙ እንደሆነ ጆሮ ወዲያው ይለያል። ሩጫው ጣቶችን ያፍታታል፤ ፍሬቶቹም በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል። ሁለቱ ሲጣመሩ ቀጥሎ የሚመጣው ድርሰት የሚቆምበትን ቅኝት በአድማጩ ኅሊና ውስጥ ይተክላሉ። ከፍተሻው ቀጥሎም ሪቸርካር ይከተላል፤ ርእሱም «ከነተከታይ ሪቸርካሩ» በማለት ይህንኑ ይናገራል። እነሆ፣ ተጫዋቹ ሁሉ በየዕለቱ የሚያደርገውና ማንም የማይመዘግበው ነገር በ1508 በቬኒስ በወረቀት ላይ ሰፈረ።

ስለ ዳልዛ ሕይወት ከስሙና ከሀገሩ በቀር የሚታወቅ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ሜዳይ የቀረጸለት የለም። ይሁን እንጂ ፓቫናዎቹ፣ ሳልታሬሎዎቹና ፒቫዎቹ ከነአውታር ፍተሻዎቹ እስከ ዛሬ ይሰማሉ። ማተሚያም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አልነበረም። በዚሁ በ1508 የታተመውና በተከታታዩ ሦስተኛ የሆነው የጆቫን ማሪያ አለማኒ መጽሐፍ አንድም ቅጂ አልተገኘም። መጽሐፉ መኖሩ የታወቀው የክሪስቶፎር ኮሎምበስ ልጅ ፈርናንዶ ኮሎን ለታላቁ ቤተ መጻሕፍቱ ካዘጋጀው መዝገብ ነው።

ሥዕል የጠበቀው መጽሐፍ

የጥበቡን የመጥፋት ስጋት በግልጽ ከተረዱት ሰዎች አንዱ ቪዳል የተባለ የቬኒስ ሰው ነበር። ቪዳል የብሬሻው ተወላጅ የቪንቼንዞ ካፒሮላ ደቀ መዝሙር ሲሆን የመምህሩን የሉት ድርሰቶች በ1517 ገደማ በእጅ ጽሑፍ ሰበሰበ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ እንደሚያስረዳው፣ ብዙ መልካም ሥራዎች የጠፉት ዋጋቸውን በማያውቁ ሰዎች እጅ በመውደቃቸው ነው። ስለዚህም የመጽሐፉን ኅዳጎች በእንስሳት፣ በአዕዋፍና በዕፀዋት ሥዕሎች አስጌጠ። ሐሳቡም ሙዚቃ የማያውቅ ሰው መጽሐፉ ቢደርሰው ቢያንስ ለሥዕሎቹ ውበት ሲል ይጠብቀዋል የሚል ነበር።

የቪዳል ስሌት ትክክል ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ አምስት መቶ ዓመት ተሻግሮ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በኒውበሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ከሥዕሉ ባሻገር መግቢያው ስለ መሣሪያው አያያዝ፣ ስለ አውታር ምርጫ፣ ስለ ጣት አሰነዛዘር የሚሰጠው ምክር ለዘመኑ አጨዋወት ዋነኛ ምስክር ነው። ከድርሰቶቹ በአንዱ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ አውታሩን በዝግታና በለሆሳስ እንዲነካ የሚያዝዝ ማሳሰቢያ ተጽፏል። ይህም የድምፅን ኃይል በጽሑፍ ከሚወስኑት ማሳሰቢያዎች ሁሉ ቀዳሚው ተብሎ ይታወቃል። የትእዛዙ ግስ «ቶካ» ነው፤ «ንካ» ማለት ነው። ቶካታ የሚለው ስም የሚወጣውም ከዚሁ ሥር ነው።

ስሙ ሲወጣ

በኢጣልያኛ «ካንታሬ» ማለት መዘመር ነው፤ ከእርሱ ካንታታ ተገኘ። «ሱዎናሬ» ማለት ማሰማት ነው፤ ከእርሱ ሶናታ ተገኘ። «ቶካሬ» ማለት ደግሞ መንካት ነው፤ ከእርሱ ቶካታ ተገኘ። ስያሜው የእጅና የመሣሪያ ግንኙነት ነው። ዳልዛ «ታስታሬ» ብሎ የጠራው ፍተሻና «ቶካሬ» የተባለው ንክኪ በትርጉም ጎረቤታሞች ናቸው።

ቶካታ የሚለው ቃል የመሣሪያ ድርሰት ርእስ ሆኖ በማተሚያ የወጣበት ቀዳሚው የታወቀ መጽሐፍ ጆቫኒ አንቶኒዮ ካስቴሊዮኖ በ1536 በሚላኖ ያሳተመው የልዩ ልዩ ደራስያን የሉት ስብስብ ነው። በስብስቡ ውስጥ የፍራንቼስኮ ዳ ሚላኖ፣ የፒየትሮ ፓውሎ ቦሮኖ፣ የማርኮ ዳላኲላና የአልቤርቶ ዳ ሪፓ ሥራዎች ተካተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቶካታው ቦታ ነው። ርእሱ እንደሚያመለክተው የሚመታው በጭፈራው ፍጻሜ ላይ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ቃሉ በመጀመሪያ ጊዜ «መቅድም» የሚል ጠባብ ትርጉም አልነበረውም። በመክፈቻም ይሁን በመዝጊያ፣ በምት ከታሰረው ጭፈራ ውጭ ተጫዋቹ እጁን ነጻ የሚያወጣበትን ክፍል ያመለክት ነበር።

የካስቴሊዮኖ ስብስብ ታላቁ ስም ፍራንቼስኮ ካኖቫ ዳ ሚላኖ ነው። በ1497 በሞንዛ ተወለደ፤ በ1543 ሞተ። በሮማ ፓፓዎች ቤት አገልግሏል፤ የዘመኑ ሰዎችም «መለኮታዊው» ብለውታል። ከመቶ በላይ ሪቸርካሮችና ፋንታሲያዎች ትቷል። ስለ አጨዋወቱ የቀረው ምስክርነት የፈረንሳዊው ገጣሚ የፖንቱስ ደ ቲያር ነው። ደ ቲያር በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ ከአንድ የዐይን ምስክር የሰማውን እንደሚተርከው፣ ፍራንቼስኮ በሚላኖ ከተማ በአንድ ባለጸጋ ቤት ግብዣ ላይ ተገኝቶ ነበር። ማዕድ ከተነሣ በኋላ ሉቱን አንሥቶ ቅኝቱን እንደሚፈትሽ ያህል ወደ ገበታው ዳር ተቀምጦ አውታሮቹን ይነካካ ጀመር። ገና ጥቂት እንደ ነካ የተጋባዦቹ ወሬ ተቋረጠ፤ ፊታቸውን ወደ እርሱ መለሱ። ሲቀጥል ሁሉም ከመስማት በቀር ሌላው የስሜት ሕዋሳቸው የተወሰደባቸው እስኪመስል ድረስ በያሉበት ፈዝዘው ቀሩ። በመጨረሻ ራሱ ሙዚቀኛው በሌላ የአመታት ስልት ወደ ራሳቸው መለሳቸው።

ትረካው የገጣሚ ትረካ እንደ መሆኑ የማጋነን ቀለም ሊኖረው ይችላል። ታሪካዊ ፍሬው ግን በአጀማመሩ ላይ ነው። የታላቁ ከያኒ ድርሰት የተጀመረው አውታር በመፈተሽ ነው። በፍተሻውና በድርሰቱ መካከል ወሰን አልነበረም። አድማጩ ዝግጅት መስሎት ቸል ያለው ነገር ሳያውቀው ማርኮ ያዘው። ዝምታን ከአድማጭ የሚያገኝ ዝግጅት ደግሞ ከእንግዲህ ዝግጅት ብቻ ሊባል አይችልም።

ወደ ኦርጋን የተደረገው ጉዞ

ከ1536 በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ቶካታ የሚለው ቃል ከሉት መጻሕፍት በአብዛኛው ራቀ። የሉት ደራስያን ትኩረት የዜማ መስመሮች አንዱ ሌላውን እየተከተሉ ወደሚተባበሩበት ፋንታሲያ አዘነበለ። ስሙን የተረከቡት የኦርጋን ተጫዋቾች ነበሩ። በቬኒስ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉት ክላውዲዮ ሜሩሎና አንድሬያ ጋብሪኤሊ ቅርጹን አሰፉት። በቤተ ክርስቲያን የነበረው አገልግሎት ከሉቱ ጋር ይመሳሰላል፤ መዘምራኑ ከመጀመራቸው በፊት ኦርጋኑ ቅኝቱን ያስታውቃቸዋል። በ1591 የስፔሪንዲዮ ቤርቶልዶ ቶካታዎች ታተሙ፤ በ1593 ጂሮላሞ ዲሩታ በማስተማሪያ መጽሐፉ የልዩ ልዩ ሊቃውንትን ቶካታዎች አካተተ፤ የሜሩሎም ሁለት መጻሕፍት በ1598 እና በ1604 በሮማ ወጡ። ጀርመናዊው ሚካኤል ፕሬቶርዩስ በ1619 ቶካታን ሲተረጉም፣ የኦርጋን ተጫዋች ከዋናው መዝሙር በፊት ከገዛ ኅሊናው እያመነጨ የሚያሰማው መንደርደሪያ ነው ብሏል።

ቃሉ ሌላም ፍች ነበረው። ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ በ1607 በማንቱዋ የቀረበውን «ኦርፌዎ» የተሰኘ ኦፔራውን የከፈተው ቶካታ ባለው የጥሩምባ ድምፅ ሲሆን ሦስት ጊዜ እንዲነፋ አዝዟል። ይህኛው ቶካታ ከወታደርና ከቤተ መንግሥት የአዋጅ ጥሩምባ የመጣ ነው። ሆኖም ተግባሩ ያው ነው፤ ሕዝቡ ጸጥ እንዲልና ጆሮውን እንዲያዘጋጅ ያደርጋል።

ወደ ሉት የተደረገው መመለስ

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢጣልያ ሙዚቃ አቅጣጫውን ለወጠ። ብዙ መስመሮችን እኩል ከመሸመን ይልቅ አንድን ድምፅ በነጻነት ማናገር፣ ከሥሩም ኮርዶችን ማስከተል ተወደደ። ለዚህ ተግባር ረጃጅም የበስ አውታሮች የተጨመሩለት ኪታሮኔ የተባለው የሉት ዘመድ ተፈለገ። በዚህ ጊዜ ቶካታ ወደ ሉት ቤተሰብ ተመለሰ። ሲመለስ ግን በድሮው መልኩ አልነበረም፤ የኦርጋኑን ስፋት፣ የአዲሱን ዝማሬ ስሜት ይዞ መጣ።

የዚህ ምዕራፍ መሪ ጆቫኒ ጂሮላሞ ካፕስበርገር ነው። አባቱ ጀርመንኛ ተናጋሪ የጦር መኰንን ሲሆን እርሱ ያደገውና የሠራው በኢጣልያ ነው። በ1604 በቬኒስ የኪታሮኔ መጽሐፉን፣ በ1611 በሮማ የሉት መጽሐፉን አሳተመ። የኋለኛው 8 ቶካታዎች፣ 12 ጋሊያርዳዎችና 12 ኮሬንቴዎች ይዟል። የካፕስበርገር ቶካታዎች በዝግታ በሚበተን ኮርድ ይጀምራሉ፤ በድንገት ወደ ፈጣን ሩጫ ይገባሉ፤ በሚጋጩ ድምፆች ላይ ቆመው አድማጩን ያንጠለጥሉታል፤ ከዚያም ሌላ አቅጣጫ ይይዛሉ። የዳልዛ ኮርድና ሩጫ እዚህም አሉ። ነገር ግን በዳልዛ አውታርን የሚፈትሹት እነዚህ ሁለት ነገሮች በካፕስበርገር የሰውን ስሜት ይፈትሻሉ።

በኦርጋንና በክላቪቼምባሎ ተመሳሳይ ጎዳና የተከተለው ጂሮላሞ ፍሬስኮባልዲ በ1615 በሮማ ባወጣው የቶካታዎች መጽሐፍ ለተጫዋቾች ምክር ጽፏል። ምቱ ጥብቅ መሆን እንደሌለበት፣ እንደ ስሜቱ ሊዘገይ ወይም ሊፈጥን እንደሚገባው፣ ተጫዋቹም ከፈለገ ድርሰቱን ሳይጨርስ በየክፍሉ መጨረሻ ሊያቆም እንደሚችል ያሳስባል። ይህ ምክር የቶካታን አመጣጥ ያስታውሳል። መሣሪያው እስኪቃኝ፣ አድማጩም እስኪዘጋጅ የሚዘልቅ ነገር ርዝመቱ አስቀድሞ ሊወሰን አይችልም።

በ1620 በሙኒክ የታተመው የሚኬላኞሎ ጋሊሌይ መጽሐፍ ለቶካታ ሌላ ቦታ ሰጠው። ሚኬላኞሎ የሥነ ፈለክ ሊቁ የጋሊሌዎ ጋሊሌይ ታናሽ ወንድም ሲሆን በባቫርያው መስፍን ቤት ያገለግል ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ድርሰቶቹ በቅኝት በቅኝት ተመድበዋል፤ እያንዳንዱን ምድብ ቶካታ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በዚያው ቅኝት የተሠሩ ጭፈራዎች ይከተላሉ። በ1536 ከጭፈራው በኋላ የነበረው ቶካታ አሁን ከጭፈራው በፊት ቆመ። መቅድምና የጭፈራ ሰልፍ የተጣመሩበት ይህ አደረጃጀት በኋላ ዘመን በመላው አውሮፓ የተስፋፋው ስዊት ከተባለው ቅርጽ ጋር ተመሳሳይ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ አንድ ሌላ ነጥብም ያበራል። አባታቸው ቪንቼንዞ ጋሊሌይ የሉት ተጫዋችና የሙዚቃ ሊቅ ነበር። ከፓይታጎራስ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረውን አስተያየት በመጠራጠር በአውታሮች ላይ ክብደት እያንጠለጠለ ሞከረ፤ የአንድን አውታር ድምፅ በኦክታቭ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ክብደት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆኑንም አረጋገጠ። አውታርን መፈተሽ በአንዱ ልጅ እጅ ቶካታ ሆነ፤ ከአባቱ ሉት መምታትን የተማረው ሌላው ልጅ ደግሞ ተፈጥሮን በሙከራ የሚመረምር ሳይንቲስት ሆነ።

የዘመኑን ጥበብ አጠቃልሎ ያስቀመጠው በ1566 በቦሎኛ የተወለደው አሌሳንድሮ ፒቺኒኒ ነው። በ1623 በተወለደባት ከተማ ያሳተመው መጽሐፍ ለሉትና ለኪታሮኔ የተደረሱ ቶካታዎችን ይዟል፤ ከእነዚህም መካከል ድምፁ በግማሽ ደረጃ እየተንሸራተተ የሚሄደው ክሮማቲክ ቶካታ ይገኛል። ሰፊው መግቢያው እጅ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማሳመሪያ እንዴት እንደሚገባ፣ ድምፅ መቼ እንደሚጎላና መቼ እንደሚለዝብ በምዕራፍ በምዕራፍ ያስተምራል። ከሞቱ በኋላም በ1639 ልጁ የአባቱን ተጨማሪ ድርሰቶች አሳተመለት።

የጽሕፈቱ ውርስ

ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ በኢጣልያ ለሉት ብቻ የሚዘጋጁ መጻሕፍት እየቀነሱ ሄዱ። የቁልፍ መሣሪያዎችና ቫዮሊን ቦታውን ያዙ። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሉት በመላው አውሮፓ ከአገልግሎት ወጣ ለማለት ይቻላል። መምህሩም ደቀ መዝሙሩም በጠፉበት ዘመን የቀረው ጽሕፈቱ ብቻ ነበር። ኢጣልያዊው ተመራማሪ ኦስካር ኪሌዞቲ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቆዩትን ኢንታቮላቱራዎች ወደ ተለመደው የሙዚቃ ጽሕፈት መለሳቸው። በ1893 አርኖልድ ዶልሜች በእንግሊዝ አገር በአሮጌዎቹ አብነት አዲስ ሉት ሠራ። ደራሲው ኦቶሪኖ ሬስፒጊም ከ1917 ጀምሮ በኪሌዞቲ ከተሰበሰቡት የሉት ድርሰቶች ተነሥቶ ለኦርኬስትራ የሚሆኑ ሥራዎችን አቀናበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሉት ተጫዋቾች እንደገና በዝተው የዳልዛን ፍተሻዎችና የካፕስበርገርን ቶካታዎች በመድረክ ማሰማት ጀመሩ።

ይህ ትንሣኤ የተቻለው ኢንታቮላቱራ የእጅን ሥራ የሚመዘግብ ጽሕፈት በመሆኑ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ስለተጻፈ ሉቱ እንደገና ሲሠራ ሙዚቃውም አብሮ ተነሣ። ይሁን እንጂ ጽሕፈቱ ሁሉንም አልተናገረም። አንድ ድምፅ እስከ መቼ ተይዞ እንደሚቆይ፣ ኮርዱ በዝግታ ይበተን ወይስ በአንድነት ይመታ እንደሆነ፣ ምቱ የት እንደሚላላ ከአኃዞቹ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የቪዳል፣ የፍሬስኮባልዲና የፒቺኒኒ መግቢያዎች ከድርሰቶቹ ያላነሰ ዋጋ የሚሰጣቸው ስለዚህ ነው። ድርሰቱን የመዘገበ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቷል፤ አሠራሩን አብሮ ያስረዳ ግን ሌላውንም ግማሽ ጨምሯል።

እንግዲህ ሦስት ስሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የዚህን ታሪክ ክብደት ያሳያሉ። ፒየትሮቦኖ በዘመኑ ከሁሉ የላቀ ነበር፤ ሙዚቃው አልተጻፈምና ለኋላ ዘመን የደረሰው ዝናው ብቻ ነው። አለማኒ ጻፈ፣ አሳተመም፤ መጽሐፉን የጠበቀለት ሰው ባለመገኘቱ ሥራው ጠፋ። ዳልዛ ግን ማንም ዋጋ የማይሰጠውን፣ ተጫዋቹ ሁሉ ሳያስብ የሚያደርገውን የአውታር ፍተሻ በወረቀት ላይ አኖረ፤ የአንድ ታላቅ ቅርጽ መነሻም በዚህ ምክንያት ታወቀ። የሙዚቃ ቅርስ በሚሰበሰብበት ሁሉ ታላላቆቹን ዜማዎች መመዝገብ ተገቢ ነው፤ ከዜማው በፊት እጅ በአውታር ላይ የሚያደርገውን አጭር ጉዞም አብሮ መመዝገብ እንደሚያስፈልግ የሉት ታሪክ በማያሻማ ሁኔታ ያስተምራል።